መቅዲና የወይራ ቅጠሏ

ግቢያችን ውስጥ ያለችው ሰርቪስ ክፍል መስኮት ላይ ትናንት መጋረጃ ተሰቀለ። ቀይ ነው፣ ትልልቅ አበባ አለበት። አዲሷ ተከራይ ደህና ልጅ ትመስላለች፤ እማን ሰላም ብላ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ ጠይቃ ነው ዕቃዋን ያስገባችው። እኔ ግን መጋረጃውን ሳየው ከእሷ በፊት እዚያ ክፍል የነበረችው ተከራያችን መቅዲ ትዝ አለችኝ። መቅዲ እዚያ መስኮት ላይ መጋረጃ ሰቅላ አታውቅም። ብርሃን ትፈልግ ነበር። ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ግቢ ውስጥ ስቆም፣ ቀጭን የመስታወት ቱቦ በሁለት ጣቶቿ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ስታይ አያታለሁ። ቱቦው ውስጥ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ደም ነበር።

ባለፈው ዓመት የአማርኛ አስተማሪያችን የጻፍኩትን ለክፍሉ ካነበበው ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያገኘሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፣ ደስም ይለኛል። ስለ መቅዲ ግን ስጀምር ጆሮዬ ስለሚግል ሁልጊዜ እተወው ነበር። መጋረጃው ተሰቀለና ዛሬ ልጨርሰው ተቀመጥኩ።

መቅዲ ሙሉ ስሟ መቅደስ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ጎን ለጎን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማር ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ “ዶክተር” ነው የሚላት። “ኧረ ዶክተር አይደለሁም፣ ገና ነኝ” ትላለች። “ገና” የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። “ውጤቱ ወጣ?” ሲሏት፣ “ገና ነው።” “ቅጠሉ ያድናል?” ሲሏት፣ “ገና ነው።” እማ አንድ ቀን “ባልሽስ?” ብትላት፣ ምንም ሳትስቅ “እሱም ገና ነው” አለቻት። ከአየር ጤና ታክሲ ለመያዝ የበረዶ ሳጥኗን አንግታ ስትወጣ ሕፃናቱ “አይስክሬም! አይስክሬም!” እያሉ ይከተሏታል። አትቆጣም። “ዛሬ አልቋል፣ ነገ” ብላቸው ትሄዳለች።

የምታጠናው የወይራ ቅጠልን ነው። በየገጠሩ አዛውንቶች ለደም ግፊትም ለምኑም አፍልተው የሚጠጡት፣ መራራው ቅጠል። አንድ ቀን ወጥ ቤታችን ገብታ፣ አዲስ ዘይትና ደጋግመን የጠበስንበትን ዘይት በሁለት ስኒ ቀድታ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችልኝ።

“አሽቺው።”

“ይሄኛው አርጅቷል” አልኳት።

“የሰውም እንደዚያው ነው። ስብ ሲባል እናንተ ጮማ ነው የሚታያችሁ። ደማችን ውስጥ ያለው ግን ስንትና ስንት ዓይነት ነው። ዕድሜ ሲገፋ አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ይቀንሳል። ማሽናችን እያንዳንዱን በክብደቱ ይለየውና ወረቀት ላይ ተራራ ተራራ ይሥላል። የወጣት ተራራና የሽማግሌ ተራራ አይመሳሰልም።”

“እና ወይራ የጠጣ ሽማግሌ የወጣት ተራራ ያወጣል?”

“ገና ነው” አለችኝ። ቀጥላ፣ “ደሞ ዕድሜ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ትናንት የበላሽውም ይታያል። ከድግስ ማግስት የተቀዳ ደም ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል” አለችኝ።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ለዚህ ነው የማልረሳው።

ቅጠሉን እንዲጠጡ ከመረጠቻቸው የሰፈራችን አዛውንቶች አንዱ አያቴ ሐጂ ከድር ናቸው። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። ሌላዋ የጎረቤታችን እማማ አሰለፈች ነበሩ። ሁለቱ አጥር ለአጥር እየተነቋቆሩ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ጥር ላይ፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ መቅዲ የሁሉንም ደም ቀዳች፤ ከዚያ በየቤቱ ደረቅ ቅጠል አከፋፈለች። በቀን አንድ ብርጭቆ፣ ሳይዘለል።

“ቃል ይግቡልኝ አባባ” አለቻቸው።

አባባ መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ደንበኞቻቸው ከክፍለ ሀገር ስልክ ደውለው፣ ጨርቁን ሳያዩ፣ “ሐጂ ጥሩ ነው ካሉ ይላክልኝ” ይሉ ነበር አሉ። ለእሳቸው ቃል ማለት እንደ ዋዛ የሚወረወር ነገር አይደለም። ትንሽ አሰቡና፣ “እጠጣለሁ ብያለሁ” አሏት። በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲጠጡት ፊታቸው እንደ ሎሚ ይጨማደዳል፣ ግን ይጠጣሉ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ሰፈሩ ሁሉ ቀን ቀን አፉን ዘግቶ ዋለ። እማማ አሰለፈች በአጥሩ በኩል፣ “ሐጂ፣ ዘንድሮ ማን እንደሚከሳ እናያለን” ይላሉ። አባባም፣ “እርስዎ የሚከሳ ነገር ከየት ያመጣሉ” ይሏቸዋል። ሁለተኛው ደም የሚቀዳው በዚሁ ጊዜ ስለነበረ መቅዲ ደስታዋን አልቻለችውም። ደም የሚቀዳው በባዶ ሆድ ነዋ። “ለማንም ቁርስ እንዳትበሉ ማለት አላስፈለገኝም” አለችኝ። “ሁላችንም ጾመኞች ነን። ሁላችንም እኩል ነን።”

አባባ እጃቸውን ሲዘረጉላት፣ “ልጄ፣ ጾሜን እንዳታስፈርሺኝ ብቻ” አሏት።

“መስጊድ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ለምርመራ ትንሽ ደም አያስፈርስም ብለውኛል።”

“አንቺ ሄደሽ ጠየቅሽ?”

“ታዲያ ማን ይጠይቅልኝ?”

እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረች። ነጠላዋን ለብሳ መስጊድ በር ላይ ቆማ የምትጠይቅ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ከታክሲ ወርዳ እየሮጠች ነው ግቢ የገባችው። “ቀንሷል፣ ነጃት። ቀንሷል” አለችኝ፤ እጄን ይዛ አስዞረችኝ። ያን ቀን ብቻ “ገና ነው” አላለችም። ከሽምግልና ጋር የሚመጡት ስቦች በእማማ አሰለፈች ደም ውስጥ ወርደዋል፣ በሌሎች ብዙዎችም ወርደዋል። ከመምሸቱ በፊት እማማ አሰለፈች ከበራቸው እስከ አትክልት ተራው ድረስ፣ “ደምዎ የኮረዳ ነው ብላኛለች” እያሉ አዳረሱት። ኮረዳ የሚለውን ቃል መቅዲ አልተናገረችም፤ ግን ደስ ስላላት አላስተባበለችም።

ከዚያ እኛ ቤት መጣች። አባባ ኮፍያቸውን አስተካክለው ጠበቋት። እማማ አሰለፈችም ተከትለዋት ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መቅዲ ወረቀቷን ዘርግታ ቆየችና፣

“አባባ፣ የእርስዎ አልቀነሰም። እንዲያውም ጨመር ብሏል” አለች።

“እንግዲህ አላህ ያለው ነው።”

“ቅጠሉን… እየጠጡት ነው፣ አይደል?”

“እየጠጣሁ ነው።”

“ማለቴ፣ ቀን ስለማይጠጣ፣ ከማታው የተራዊህ ሶላት መልስ ድካምም አለ፣ ሊረሳ ይችላል። ደም የሰጡኝ የሌሎቹ ሁለት ሐጂዎች ውጤትም እንደ እርስዎ ነው የሆነው። እውነቱን ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም።”

“አልረሳሁም፣ ልጄ።”

መቅዲ ፈገግ አለች። ልታስጨንቃቸው አልፈለገችም፤ ሕፃን የምታባብል ነበር የምትመስለው። “ሰው ይረሳል፣ አባባ። ደም ግን አይረሳም” አለቻቸው።

እማማ አሰለፈች ቀበል አድርገው፣ “መሯቸው ለዚያ ለደጃፋቸው ጽጌረዳ አጠጥተውት ይሆናል። እኔ እኮ እላለሁ፣ ጽጌረዳቸው ምነው ዘንድሮ ወጣት ሆነ” አሉ። ሳቅ ሆነ። እማ ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ መቅዲም ሳቀች። አባባ አልሳቁም። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ መልሰው ደግሞ አደረጉት።

በማግስቱ ማታ እማ ወጥ ቤት ጠርታኝ፣ “ብርጭቆውን አንቺ ውሰጂላቸው። እስኪጨርሱ እዚያው ቁሚ” አለችኝ።

“ለምን?”

“ቁሚ አልኩሽ እኮ። ልጅቷ ለሥራዋ ነው፣ እኛ ቤት ተበላሸ እንዳትል።”

ቆምኩ። አባባ አንዴ ብርጭቆውን፣ አንዴ እኔን አዩ። እስከ መጨረሻው ጨለጡት። ከዚያ ብርጭቆውን አየር ላይ ገለበጡትና ጠብ የሚል ነገር እንደሌለ አሳዩኝ። “ይኸው ነጃት። ለእናትሽ ንገሪያት” አሉኝ።

በየማታው እንዲሁ ሆነ። እኔ እቆማለሁ፣ እሳቸው ይጠጣሉ፣ ብርጭቆውን ይገለብጣሉ። ከቤት ውጭም ወሬው አላረፈም። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሳይቀር፣ “ሐጂ፣ ጽጌረዳው እንዴት አደረ?” ይላቸዋል። ጨዋታ ነው፣ ማንም ክፉ አላሰበም። አባባ ግን ከመስጊድ ሲመለሱ በዋናው መንገድ መምጣት ትተው በጓሮው ቅያስ መምጣት ጀመሩ። ጭቃ ነው፣ ለጉልበታቸውም አይመችም። ስልክ ላይ ቃላቸው ብቻ ይበቃ የነበረ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ቅጠል ጠጥቻለሁ ብለው የሚያምናቸው አጡ። በገዛ ቤታቸው።

ረመዳን ሊያልቅ ሲል እማ መቅዲን ለኢፍጣር ጠራቻት። ሁዳዴ ስለሆነ ምስር ወጥ ለብቻ በዘይት ሠራችላት። መቅዲ ወጥ ቤቱ በር ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ እማ ሳምቡሳውን እየጠበሰች ጋዜጣ ላይ ትደረድራለች። ጋዜጣው በዘይት ርሶ የታችኛው ፊደል ሁሉ ይታያል። የሾርባውን ድስት ከፈተችና አንድ ትልቅ ማንኪያ ቅቤ ጣል አደረገችበት። መቅዲ ይህን ሁሉ እያየች ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ታወራ ነበር።

አዛን ተባለ። አባባ በቴምር አፈጠሩ፣ ሾርባቸውን ጠጡ፣ ሳምቡሳ አነሱ። በውጤቱ ቀን የሆነውን ነገር የሚያነሳ አልነበረም፤ አባባ ለመቅዲ “ብዪ ልጄ፣ ብዪ” ይላሉ፣ ግን ፊቷን አያዩም። መቅዲ ምስሯን በተለየ ሰሃን ይዛለች። እማ አንድ ሳምቡሳ አንስታ ልታጎርሳት እጇን ከዘረጋች በኋላ መለሰችው።

“ውይ፣ የምስር ነው ብዬ… ሥጋው በተጠበሰበት ዘይት ነው ለካ። አይሆንልሽም።”

መቅዲ ጉርሻዋን ወደ አፏ እያደረሰች ነበር። እዚያው አየር ላይ ቀረ።

“እንዲህ ነው በየቀኑ የምትበሉት?” አለች።

“ረመዳን አይደል እንዴ።”

“ሌላ ጊዜስ?”

“ሌላ ጊዜማ ያው ሽሮአችን ነው” አለች እማ። “አንድ ወር እኮ ነው። አባባ ደግሞ ያለ ሳምቡሳ ያፈጠሩ አይመስላቸውም።”

መቅዲ የእሷን ሰሃን አየች። የእኛን ሰሃን አየች። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው አይቼ አላውቅም። “ሁላችንም ጾመኞች ነን ብዬ…” አለች፣ ለራሷ። ተነሳችና ይቅርታ ሳትል፣ እጇን ሳትታጠብ ወጣች። በሩ ላይ በአንድ እግሯ የእኔን ነጠላ ጫማ፣ በአንዱ የራሷን አድርጋ ነው የሄደችው።

“ምን ሆነች? ምን አልኳት?” አለች እማ።

አባባ ሳምቡሳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

በሚቀጥሉት ቀናት መቅዲ ደም የሰጧትን አዛውንቶች ሁሉ በየቤታቸው እየዞረች ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ጥር ላይ ምን ይበሉ ነበር፣ አሁንስ ምን ይበላሉ? ከዚያ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ አንዲት ስኒ ደጋግማ ስታጥብ አገኘኋት። ስኒዋ ከጠራች ቆይታለች።

“የእማማ አሰለፈችን ያወረደው ወይራው ይሁን የሁዳዴው ሽሮ፣ አላውቅም” አለችኝ። “ጥር ላይ ቅቤም ሥጋም ነበረ። አሁን የለም። የአባባ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በአንድ ጊዜ ጾምን፣ በአንድ ጊዜ ተራብን፣ ማታ ግን ገበታችን ለየቅል ነው። ደሙ ትክክሉን ነው የተናገረው። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።”

“ግን አንቺ እኮ ታውቂያለሽ፤ የበሉት ይታያል ብለሽኛል።”

“እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።” ስኒዋን ደፋቻት። “እኔ ራሴ እየጾምኩ ነው የሠራሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጾም ኖሬ ጾም ምን እንደሚያስቀር ማሰብ ትቻለሁ። እንደ አየሩ ነው የሆነብኝ።”

“አሁን ምን ልታደርጊ ነው?”

“አለቃዬ፣ ያልጠጡትን አውጥተሽ በቀሪው ቀጥዪ አሉኝ። እንደዚያ ካደረግኩ ሥራዬ ያልቃል፣ እመረቃለሁም።”

“አባባ ጠጥተዋል እኮ።”

“አዎ” አለች። “ጠጥተዋል።” አንገቷ ድረስ ቀልታ ነበር። ያን ሁሉ ማታ ፊታቸው ቆሜ ያየሁት እኔ፣ ይህን “ጠጥተዋል” የሚል ቃል ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ እንደነበረ የገባኝ ማታ ተኝቼ ሳስበው ነው።

የዒድ ዕለት ቤታችን ሞልቶ ነበር። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶች መጥተው፣ እማ ለእነሱ የጾም ምግብ ለብቻ ደርድራለች። እማማ አሰለፈች አዲስ ነጠላ ለብሰው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ፀጉር አስተካካዩም መጥቷል። መቅዲ ገባች፤ “ቁጭ በይ” ሲሏት አልተቀመጠችም። እጇ ላይ ወረቀትም ምንም የለም።

“ዒድ ሙባረክ” አለች። “አንድ ነገር ልናገር። የአባባ ውጤት ያልቀነሰው ስላልጠጡ አይደለም። ጠጥተዋል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። የጾም ምግብ የሚበላና ማታ ቅቤና ጥብስ የሚበላ ሰው ደም አንድ እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ሁሉም ጾመኛ ነው ብዬ አንድ ላይ ቆጠርኩ። አባባን እዚህ ሰው ፊት ነው የተጠራጠርኳቸው፣ ስለዚህ እዚሁ ሰው ፊት ነው የምናገረው። የሌሎቹ ሐጂዎችም ቤት እንዲሁ እሄዳለሁ።” ከዚያ ጎንበስ ብላ የአባባን ጉልበት ልትስም ወረደች።

አባባ ክንዷን ይዘው አስነሷት። ከዚያ የውጤት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ።

“ተነሺ ልጄ። ተነሺ።” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ታዲያ ቅጠሉ ይሠራል ወይስ አይሠራም?”

“ገና ነው፣ አባባ።”

“ቶሎ በያ። እኔ እኮ እያረጀሁ ነው።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እማማ አሰለፈች ቆሏቸውን ትተው፣ “የእኔ ኮረዳነት ሽሮ ነው በይኛ” አሉ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። መቅዲ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ጽሑፉ ያምርልኝ ነበር። ግን ያን ቀን ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ለስላሳውን ጠጣ። እማማ አሰለፈች ስለ ጽጌረዳው ምንም አላሉም። እማ ሰሃን አቀረበች፣ እኔ ሰሃን አነሳሁ። ከመካከላችን አንድ ሰው፣ ከአባባ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር ሰዎች እንኳ፣ “እኛም አላመንንዎትም ነበር” አላለም። የተከራየችው ልጅ ስለተናገረች የእኛም አብሮ የተከፈለ አደረግነው።

መቅዲ ማንንም ስላላወጣች ሥራዋን ከመጀመሪያው ለመጀመር ተገደደች። ክረምቱ ሳይገባ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ እዚያ ሆና እንደምትቀጥል ነገረችኝ። “በአዲሱ ጥናቴ ሰው ሁሉ ምን እንደበላ ሳልጠይቅ መርፌ አላነሳም” አለችኝ። ስትሰናበት ለአባባ፣ ቅጠሉን ከእንግዲህ መጠጣት እንደሌለባቸው ነገረቻቸው። አባባ በዋናው መንገድ መምጣት ጀምረዋል። የወይራ ቅጠሉም ከቤት ጠፍቷል።

ግን ዛሬም ከዓሥር ሰዓት ሶላት በኋላ ሻይ አመጣሁላቸው። ጠጡ፣ ጨረሱ፣ ከዚያ ብርጭቆውን አየር ላይ ገልብጠው አሳዩኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሻይም ይሁን ውሃ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እሳቸው ልብ የሚሉት አይመስለኝም፤ እጃቸው ለምዶታል። እማ ስታይ ፊቷን ታዞራለች።

ብርጭቆውን ከእጃቸው ተቀበልኩ። “አባባ፣ እኔም አላመንኩዎትም ነበር” ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ “ልጨምርልዎት?” የሚል ወጣኝ። ውስጡን ሳላይ ይዤው ወጣሁ።